«አለ» የሌለው ጥቅስ፦ ዳጉን ከኢንተርኔት ጋር ስለሚያነጻጽረው አባባል፣ ከጅቡቲ ከተማ የቀረበ ሒስ

1. መነሻ

ስለ አፍሪካ ቀንድ የመግባቢያ ልማዶች በሚጻፉ ጽሑፎችና በሚደረጉ ንግግሮች አንድ ንጽጽር ደጋግሞ ይሰማል፤ «ዳጉ የአፋር ሕዝብ ኢንተርኔት ነው» የሚል። ንጽጽሩ የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዳጉ ሁለት መንገደኞች፣ ቀድሞ ይተዋወቁም አይተዋወቁም፣ በተገናኙበት ቦታ ጉዟቸውን ገትተው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ሥርዐት ነው። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንደለመለመ፣ የማን ከብት እንደታመመ፣ የት ጠብ እንደተነሣ፣ የጠፋች ግመል በየት በኩል እንደታየች በዚህ መንገድ ከአዋሽ ዳር እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ኤርትራ ጠረፍ ይደርሳል። ስለዚህ ሰው የዕለት ኑሮ ዕውቀቱንና አስተያየቱን በስልኩ ለማያውቀው ሰው ሲያካፍል ያየ ታዛቢ «ይህማ ዳጉ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ንጽጽር ይሞግታል። ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ንጽጽሩ ወሬ ምን ያህል ርቆና ፈጥኖ እንደሚሄድ ይለካል፤ ወሬው በምን ዐይነት ሰዋስው እንደሚሄድ ግን አይጠይቅም። ዳጉ የሌላውን ሰው ቃል «እገሌ አለ» ከሚለው ማሰሪያው ጋር ያደርሳል። የስልኩ «አስተላልፍ» ቁልፍ ቃሉን ያደርስና ማሰሪያውን በመንገድ ይጥላል። ይህ ልዩነት የቋንቋ አጥኚን ብቻ የሚያሳስብ ረቂቅ ነገር እንዳልሆነ ወደ መጨረሻው ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የምሳሌ ዐረፍተ ነገሮቹ ለማሳያ የተሠሩ እንጂ ከማንም ግለሰብ መልእክት የተወሰዱ አይደሉም።

2. ጅቡቲ ከተማ ለምን?

ንጽጽሩን ለመፈተን ከጅቡቲ ከተማ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ የአብዛኛው ነዋሪ የቤት ቋንቋዎች ሶማልኛና አፋርኛ ናቸው፤ ብሔራዊው ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአራቱም ያሰራጫል። አማርኛ በሕግ የተሰጠው ቦታ የለም፤ በኑሮ ግን አለ። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ ከተማይቱ የኢትዮጵያ በር ሆና ኖራለች። አደባባይዋ በይፋ በነጻነት ቀን በሰኔ 27 ቀን 1977 ስም ቢጠራም «ፕላስ ምኒልክ» የሚለው ስም ከሰው አፍ አልወጣም። ዛሬም ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚሁ ወደብ በኩል ያልፋል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥር 2017 ጅቡቲ ላይ ቢመረቅም፣ ጭነቱን ገና በብዛት የሚያመላልሱት የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው። ፔካ ዱዝ በሚባለው ሰፈር፣ ማለትም ከከተማው መነሻ 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ተራ የሚጠብቁት መኪኖች የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛና የአፋርኛ ተናጋሪዎችን ጎን ለጎን ያቆማሉ።

ከቀትር በኋላ ደግሞ፣ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ፣ መብረዝ በሚባሉት የመቃሚያ ክፍሎች ሰዎች ተሰብስበው ወሬ ይለዋወጣሉ። በአንድ በኩል ከጎን ከተቀመጠው ሰው ጋር፣ በሌላ በኩል በእጅ ባለው ስልክ ከማይታወቅ ሰው ጋር። ሁለቱ የወሬ መንገዶች እዚህ በአንድ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው አፍና ጣት ላይ ይገናኛሉ። ንጽጽሩ እውነት ከሆነ እዚህ መጽናት አለበት።

3. ዳጉ የሚሠራበት መንገድ

ዳጉ በጥናት ያልተነካ ርእስ አይደለም። ለምሳሌ በ2008 ጉልላት መንበረና ኖርዌያዊው የጋዜጠኝነት መምህር ቴርየ ሺየርዳል በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዳጉ ስላለው እምቅ አቅም ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ የቀረቡ ጥናቶችም ሥርዐቱ ምን ምን እንደሚያሟላ በሰፊው አሳይተዋል። ከእነዚያ ውስጥ ለዚህ ክርክር የሚያስፈልጉት አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ዳጉ የጊዜ ግዴታ አለው። የተገናኘ ሰው ሰላምታ ሰጥቶ አያልፍም፤ ጉዳዩ ቢያስቸኩለውም ይቆማል፣ ይናገራል፣ ያዳምጣል። ሁለተኛ፣ ማንነት ይጠየቃል። ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ጎሣ እንደመጣ፣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ ወሬው ክብደት አያገኝም። ሦስተኛ፣ ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል፤ አድማጩ መልሶ መላልሶ መጠየቅ መብቱ ነው። አራተኛ፣ ሐሰት ያወራ ይጠየቃል። መድዓ የሚባለው የአፋር ልማዳዊ ሕግ ቃልን እንደ ድርጊት ይቆጥራል፤ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ሰውን ያሳሳተ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይቆማል፤ ወሬው ወደ እርሱ መመለስ ይችላል፤ በየደረጃው «ማን ነገረህ?» ሲባል መልስ ስላለ።

ከአራቱ ሦስተኛው ልብ ሊባል ይገባል። የቋንቋ አጥኚዎች «የምንጭ አመልካች» የሚሉት ነገር በአንዳንድ የዓለም ቋንቋዎች በግሡ ቅጥያ ላይ በግዴታ ይገኛል። በዳጉ ግን ግዴታው ያለው በቅጥያው ላይ ሳይሆን በሥርዐቱ ላይ ነው። ማለትም ሰዋስው ያላስገደደውን ጨዋነት ያስገድደዋል። «ኢንተርኔት» የሚለው ንጽጽር ሲነሣ መጀመሪያ የሚወድቀው ይኸው ግዴታ ነው።

4. «አለ» በአማርኛና በሶማልኛ

አማርኛ ለሰው ቃል ማስተላለፊያ ብዙ መሣሪያ አለው። «መጣ አሉ» የሚለው አነጋገር ተናጋሪውን ከኀላፊነት ያወጣዋል፤ «ይባላል» ምንጩን ያደበዝዘዋል፤ «ተብሏል» የጋዜጣና የመሥሪያ ቤት ልብስ ያለብሰዋል። የግሡ መልክም ድርሻ አለው። ሌሊት ዝናቡን በጆሮው የሰማ «ዘነበ» ሊል ይችላል፤ ጧት ወጥቶ እርጥቡን መሬት ያየ ግን «ዘንቧል» ይላል። ሐሜትንና ያልተጨበጠ ወሬን የሚሰይመው «አሉባልታ» የሚለው ቃል ራሱ ሲነገር የ«አለ» ድምፅ በውስጡ ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪ ወሬ ያለ ባለቤት እንደሚሄድ ከጥንት ያውቃል፤ ስምም ሰጥቶታል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አማርኛ በዓለም የቋንቋ ጥናት ዘንድ የታወቀበት አንድ ባሕርይ አለ። «ሹፌሩ አይቻለሁ አለ» ሲባል ያየው ማን ነው? ለአማርኛ ሰሚ መልሱ ግልጽ ነው፤ ሹፌሩ። «አይቻለሁ» በመጀመሪያ መደብ ቢነገርም «አለ» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ «እኔ»ን ወደ ሹፌሩ ያዞረዋል። ፊሊፕ ሽሌንከር በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ የመደብ አመልካቾች ትርጉም በዐውደ ንግግሩ ብቻ ይወሰናል የሚለውን የዴቪድ ካፕላን ሐሳብ ሲሞግት ዋና ምስክር ያደረገው ይህንኑ የአማርኛ ባሕርይ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ የዕለት ተዕለት ነገር የሆነው ለንድፈ ሐሳቡ ታላቅ ፈተና ሆነበት።

እንግዲህ «አለ»ን ከዐረፍተ ነገሩ ላይ እናንሣ። የሚቀረው «አይቻለሁ» ነው። አሁን ያየው ማን ነው? ቃሉን የላከው ሰው። አንዲት ማሰሪያ በመውደቋ የሹፌሩ ዐይን የላኪው ዐይን ሆነ። ጊዜና ቦታም እንዲሁ ናቸው። ሹፌሩ ማክሰኞ «ዛሬ» ብሎ የተናገረው በድምፅ ተቀድቶ ዐርብ ሲደርስ ያው «ዛሬ» ነው። ወሬውን በአፉ የሚያደርስ ሰው ግን «ማክሰኞ ዕለት» ብሎ ያስተካክለዋል፤ «እዚህ»ን «ዲኪል ላይ» ይለዋል። ዳጉ የሰውን ቃል ሲያደርስ እንደ አዲስ ይተክለዋል፤ ስልኩ ግን ነቅሎ ይጥለዋል።

ሶማልኛ በሌላ መንገድ ወደዚሁ ይመጣል። የሶማልኛ ሰላምታ ራሱ የወሬ ጥያቄ ነው። «ኢስ ካ ወረን» የሚለው «ስለራስህ ወሬ ስጥ» እንደማለት ነው፤ «ወር» ማለት ወሬ ነው። ከአማርኛው «ወሬ» ጋር ያለው የድምፅ መቀራረብ ጆሮን ይስባል፤ ዝምድናው ግን የሌላ ጥናት ጉዳይ ነው። ተናጋሪው «ዋሓን አርከይ» ካለ አይቷል፤ «ዋሓን መቅለይ» ካለ ሰምቷል። ነገር ግን «ላ» የምትባል ባለቤትን የምትሰውር አጭር ተውላጠ ስም አለች፤ «ዋሓ ላ ዪዺ» ሲባል አንድ ሰው ተናግሯል፤ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። «ላ» ባለቤቱን ትሰውራለች እንጂ አታጠፋውም፤ በመብረዝ የተቀመጠ ሰው «ማን ነው ያለው?» ብሎ ሊጠይቅና መልስ ሊያገኝ ይችላል። በስልኩ ላይ ጥያቄው ቢነሣም የሚመልስ የለም።

5. የስልኩ ሰዋስው

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። መተግበሪያዎቹስ ምልክት የላቸውም ወይ? አላቸው። ዋትስአፕ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ተላልፎ በመጣ መልእክት ላይ «የተላለፈ» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ በ2019 ብዙ ጊዜ ለተላለፈው ባለ ሁለት ቀስት ምልክት ጨመረ፤ በሚያዝያ 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ መካከል፣ እንዲህ ያለው መልእክት በአንድ ጊዜ ከአንድ ውይይት በላይ እንዳይላክ ገደበ። ቴሌግራም ደግሞ አስተላላፊው ካልደበቀው በቀር የመጀመሪያውን ጸሐፊ ወይም መድረክ ስም በተላለፈው ቃል ራስ ላይ ያሳያል።

እነዚህን እንደ ምንጭ አመልካቾች ብንመረምራቸው ልዩነታቸው ጎልቶ ይወጣል። የዋትስአፑ ምልክት የሶማልኛ «ላ» ነው፤ ወይም የአማርኛ «ተባለ»። አንድ ሰው እንዳለው ይናገራል፤ ማን እንዳለው አይናገርም። የቴሌግራሙ «እገሌ አለ» ነው፤ ነገር ግን በመካከል ያሉትን ሁሉ ይዘላል። መልእክቱ በአሥር ሰው እጅ ቢያልፍም አንባቢው የሚያየው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ነው። ዳጉ ግን፣ ቢያንስ በሥርዐቱ፣ ሰንሰለቱን ይጠብቃል፤ «እገሌ፣ እገሌ ነገረኝ ብሎ ነገረኝ» ይላል። የሐዲስ ምሁራን ኢስናድ የሚሉትን የአስተላላፊዎች ሰንሰለት የሚያውቅ የጅቡቲ ሙስሊም ይህ አይገርመውም፤ የቃሉ ጥራት በሰንሰለቱ በእያንዳንዱ ሰው ታማኝነት እንደሚመዘን ተምሮ አድጓል።

በጅቡቲና በጋላፊ መካከል ያለውን መንገድ ምሳሌ እናድርግ። አንድ ሹፌር ከዲኪል ወዲያ ጎርፍ ያጋጥመዋል። «ጎርፉ መንገዱን ቆርጦታል፤ አሁን አይቼ ተመለስኩ» ብሎ በድምፁ ይልካል። ሁለተኛው በጽሑፍ «ከዲኪል ወዲያ መንገዱ ተቆርጧል አሉ» ይላል። ሦስተኛው ከነ«አሉ» ማስተላለፉ ወሬን ማድከም መስሎት «መንገዱ ተቆርጧል» ብሎ ይልካል። አራተኛው፣ ጎርፉ ከጎደለ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ አግኝቶ እንዳለ ያስተላልፋል፤ «አሁን አይቼ ተመለስኩ» የሚለው ቃል ከሦስት ቀን በኋላ እንደ አዲስ ይሰማል። ከአራቱ ማንም አልዋሸም። ያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን ፔካ ዱዝ የቆመው ሹፌር ያልሆነ ነገር አምኖ የቀን አበሉን ቆሞ ይጨርሳል። ስሕተቱ በማንም ምላስ ላይ የለም፤ በማስተላለፊያው ሰዋስው ላይ ነው። ሐሰተኛ ወሬን በመዋሸት ብቻ የሚተረጉሙ ዘመቻዎች ይህን ዐይነቱን ሊያርሙት የማይችሉት ለዚህ ነው።

6. ፊደሉ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

የአማርኛ ጽሕፈት ነገሩን ያከብደዋል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። «አሉ»ም እንዲሁ። ጆሮ የሚለየውን ፊደሉ አይለይም። ሥርዐተ ነጥብ በሌለበት የስልክ ጽሑፍ «መንገዱ ዝግ ነው ፖሊሶች አሉ» የሚል ቃል ቢደርስ አንባቢው ሁለት ነገር ሊረዳ ይችላል፤ መንገዱ ተዘግቶ ፖሊሶች በቦታው ይገኛሉ፣ ወይም መንገዱ መዘጋቱን የተናገሩት ፖሊሶች ናቸው። በመጀመሪያው ንባብ ላኪው ራሱ ምስክር ነው፤ በሁለተኛው ምስክሮቹ ፖሊሶች ናቸው። መኖርና መባል በአንድ መልክ ይጻፋሉ። በብራና ዘመን ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር፤ አንባቢው ዐውዱን ያውቀዋልና። ዐውዱን የማያውቅ እንግዳ ሲያነበው ግን ፊደሉ ዝም ይለዋል።

ሶማልኛና አፋርኛ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ የሶማልኛው በ1972 ታወጀ፤ «ቀፈር ፌራ» የሚባለው የአፋርኛው በ1970ዎቹ ተቀረጸ። ሁለቱ ግን ተመሳሳይ ፊደላትን ለተለያየ ድምፅ መደቡ። «ኤክስ» የሚባለው ፊደል በሶማልኛ የግእዙን «ሐ» ድምፅ ሲወክል በአፋርኛ የኦሮምኛውን «ዸ» ይወክላል። «ሲ» በሶማልኛ የግእዙ «ዐ» ነው፤ በአፋርኛ «ሐ» ነው። «ኪው» በሶማልኛ የዐረብኛው ቃፍ ነው፤ በአፋርኛ «ዐ» ነው። «ዳጉ» ራሱ በአፋርኛ የሚጀምረው በ«ኤክስ» ነው። ስለዚህ ዐሊ የሚባል ሰው ስሙን በሶማልኛ በ«ሲ»፣ በአፋርኛ በ«ኪው»፣ በፈረንሳይኛ መታወቂያው ላይ ደግሞ በተራው «ኤ» ይጽፋል።

ይህ ለከተማይቱ የስልክ ወሬ ያልታሰበ ውጤት አለው። ዳጉ በግልጽ «የማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቀውን ፊደሉ ሳይጠየቅ ይመልሰዋል። የማይታወቅ ሰው ሁለት ቃል እንደጻፈ የቤት ቋንቋው ይታወቃል፤ ስለ ውኃ መቋረጥ ወይም ስለ ዳቦ ዋጋ የሰጠው ተራ አስተያየትም ወዲያው የወገን ቃል ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ብዙዎች ወደ ፈረንሳይኛው አጻጻፍ ወይም ወደ ድምፅ መልእክት የሚያዘነብሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ በስልኩ ላይ የተገላቢጦሽ ነገር ሆነ፤ የቃሉ ምንጭ ይጠፋል፤ የተናጋሪው ወገን ግን ይገለጣል። ዳጉ ሁለቱንም አብሮ ስለሚያመጣ አንዱ ሌላውን ይመዝናል። ወገን ያለ ምንጭ ሲቀር የሚተርፈው ጥርጣሬ ነው።

7. ዳጉን ያለ ልክ ስለማወደስ

እስካሁን የተባለው ዳጉን ካለፈ ዘመን ያማረ ሥዕል አድርጎ ለመስቀል አይደለም። እንዲያ ማድረግ ሌላ ስሕተት ነው፤ በሁለት ምክንያት።

አንደኛው፣ የዳጉ እንግዳ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። አማርኛ «እንግዳ» ሲል ቤት የመጣውንም የማይታወቀውንም ያጠቃልላል፤ ሶማልኛ «ማርቲ»ንና «ሺሼዬ»ን ይለያል፤ የመጀመሪያው የሚስተናገደው ነው፤ ሁለተኛው ባዕዱ ነው። ዳጉ የሚሠራው ለማርቲ ነው፤ ጎሣውን ቈጥሮ በሰንሰለቱ ቦታ ለሚያገኝ። ከወሎ ወይም ከሐረርጌ ተነሥታ በጅቡቲ ሰው ቤት የምትሠራ ወጣት በዚህ ሰንሰለት ቦታ የላትም። ደመወዝ ስንት እንደሚከፈል፣ የመኖሪያ ፈቃድ እንዴት እንደሚታደስ፣ ባልባላ ውስጥ ክፍል በስንት እንደሚከራይ የምትማረው በስልኳ ካገኘቻት፣ ፊቷን ከማታውቃት የአገሯ ልጅ ነው። ለእርሷ የማይታወቅ ሰው ደግነት ምትክ የሌለው ነው። ማንነት የማይጠይቀው መንገድ ማንነታቸው የሚያስጠይቃቸውን ሰዎች አስገብቷል።

ሁለተኛው፣ ምንጭን መሰወር ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። «ማን ነገረህ?» የሚለው ጥያቄ ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ ማጣሪያ ነው፤ ከባለ ሥልጣን አፍ ሲወጣ ግን ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል። «ላ» እና «አሉ» በቋንቋዎቹ ውስጥ የቆዩት ሰው አንዳንድ ጊዜ ከቃሉ ኋላ መጠለል ስለሚያስፈልገው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መልእክት ስም ይለጠፍበት የሚል መፍትሔ ዳጉን አያስመልስም፤ መጠለያውን ብቻ ያፈርሳል። የዳጉ ብልሃት ስም መለጠፉ ላይ አይደለም። «አየሁ»፣ «ሰማሁ» እና «መሰለኝ» የሚሉትን ለይቶ ማስቀመጡ ላይ ነው። ይህን ለመለየት ስም መጥራት ግድ አይደለም፤ ማሰሪያውን አለመጣል ይበቃል።

8. ባሕሩ

የዚህ ሁሉ ዋጋ በጣም ውድ የሚሆነው ከከተማው ማዶ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ባሻገር ነው። ኦቦክ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር የሚሹ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ሲያልፉበት የኖሩ የባሕር ጠረፍ ነው፤ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ለስደተኞች ማዕከል አለው። መንገደኛው ከቤቱ ሲነሣ የሚሰንቀው ወሬ ነው። ደላላውም የሚሸጠው ወሬ ነው። በዚህ ገበያ እንደ መጀመሪያ መደብ ግሥ ዋጋ የሚያወጣ ነገር የለም። «ተሻግሬያለሁ፤ ሰላም ነኝ፤ ሥራ አግኝቻለሁ» የሚል የድምፅ መልእክት ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ከየት ሆኖ እንዳለው ሳይታወቅ ከመንደር መንደር ሊዞር ይችላል። «አለ» የለውም፤ ስለዚህ «እኔ»ው የማንም ነው፤ የሚያዳምጠው ወጣትም በልቡ የራሱ ያደርገዋል።

በሚያዝያ 2024 ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ተገለበጡ፤ በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም ጀልባዎች ስደተኞችን ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚመልሱ ነበሩ። ይህን ማሰብ ከባድ ነው። ያዩትን ይዘው የሚመለሱ፣ በዳጉ ልማድ «ራሴ አይቻለሁ» ለማለት ከማንም በላይ የሚገባቸው ሰዎች በመንገድ ቀሩ። ከእነርሱ ቀድሞ የሄደው የሌላ ሰው «ተሻግሬያለሁ» ግን በስልክ መተላለፉን አያቆምም። አደጋውን የወሬ ጥፋት ብቻ አመጣው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ድህነት፣ ጦርነትና የደላሎች ስግብግብነት ቀዳሚ ምክንያቶች ናቸው። ሆኖም መንገደኛው በእጁ ያለው ብቸኛ መመዘኛ የሰማው ቃል ሲሆን፣ ቃሉ ከነማሰሪያው መድረስ አለመድረሱ የነፍስ ጉዳይ ነው።

9. ለቋንቋ አጥኚዎች የሚቀረው

ንጽጽሩ የሚያሳስተው ሰፊውን ሕዝብ ብቻ አይደለም። የክልሉን ቋንቋዎች የሚያጠኑትንም ያሳስታል። አፋርኛ የታተመ ጽሑፍ የሚያንሰው ቋንቋ ነው። ከፓርከርና ከሄይዋርድ የ1985 መዝገበ ቃላት ወዲህ ጠቃሚ ሥራዎች ቢታዩም፣ ዛሬ የቋንቋውን ናሙና በብዛት ማግኘት የሚቻለው ሰዎች በስልክ ከሚለዋወጡት ነው። ሶማልኛም ሆነ አማርኛ ከዚህ ብዙም አይርቁም። እናም አጥኚው ጽሑፉን ሲሰበስብ መጀመሪያ የሚያደርገው «ማጽዳት» ነው፤ «የተላለፈ» የሚለውን ምልክት ይሰርዛል፣ ሰዓቱን ያነሣል፣ የተደጋገመውን ያወጣል፣ የድምፁን መልእክት ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል። ስም ማንሣቱ ለግለሰቦች ደኅንነት ግዴታ ነው። ሌላው ማጽዳት ግን የ«አስተላልፍ» ቁልፍን ሥራ በምሁር እጅ መድገም ነው። «አይቻለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያ ተናጋሪው አፍና በአሥረኛ አስተላላፊው ገጽ ላይ አንድ ዐይነት መረጃ ተደርጎ ይመዘገባል። ከዚያ መዝገብ የተማረ የጽሑፍ መሣሪያም የአፋርኛን ወሬ የሚናገረው ዐይን እንደሌለው ሰው ይሆናል።

ከሌላው ወገን ያለው ችግር ተቃራኒ ነው። ዊኪፒዲያ ለእያንዳንዱ ዕውቀት ምንጭ ይጠይቃል፤ ይህ ከዳጉ ጋር ያስማማዋል። ነገር ግን የሚቀበለው ምንጭ የታተመ ሰነድ ነው፤ «እገሌ ነገረኝ» አይበቃውም። በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን እንደ ምንጭ ለማስጠቀስ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ መመሪያው ግን በአጠቃላይ አልተለወጠም። የአፋርኛው ዊኪፒዲያ ተከፍቶ ሳይሞላ ተዘግቷል። ለመዘጋቱ ምክንያቱ የጸሐፊዎች ማነስ ይሁን እንጂ፣ ምንጩ ሰው የሆነ ዕውቀት ምንጩ ወረቀት ብቻ በሆነበት ቤት በቀላሉ እንደማይገባ መገንዘብ አያዳግትም። አንዱ ቤት ምንጭን ይጥላል፤ ሌላው ሰውን ከምንጭነት ይሽራል። ዳጉ በሁለቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ ነገር ነው።

ስለዚህ «ዳጉ የአፋር ኢንተርኔት ነው» የሚለው አባባል ቢገለበጥ ይሻላል። ለኢንተርኔት የሚጎድለው ምን እንደሆነ የሚጠቁም መስፈሪያ ዳጉ ነው። ለአጥኚዎች ከዚህ የሚከተለው ተግባር ቀላል ነው፤ ናሙና ሲሰበሰብ የመተላለፍ ምልክቱን ከስሙ ለይቶ ማቆየት፤ የ«ዛሬ»ንና የ«እዚህ»ን ጊዜና ቦታ መመዝገብ፤ «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ በጽሑፉ ላይ ማመልከት፤ የድምፅ መልእክትን በድምፅነቱ ማስቀመጥ። እነዚህ ጥቃቅን የመዝገብ ሥራዎች ይመስላሉ። ግን በፔካ ዱዝ ተራ የሚጠብቀው ሹፌርም ሆነ ኦቦክ ላይ ባሕሩን የሚያየው ወጣት ከሰማው ቃል የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ማን አየ፣ መቼ አየ፣ ከየት ሆኖ አየ። ሁለቱ አፋር መንገደኞች ጉዟቸውን ገትተው የሚቆሙትም ለዚሁ ነው።